አልወጣ ያለው የፔዳል ክንድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ሀገር ፍቅር እጅግ ያማረ ንግግር አሰምተዋል። እኛ ይዘን የቀረብነው ርእስ ግን ከነዚያ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው፤ ይኸውም ከብስክሌት ላይ አልወጣ ስላለ አንድ የፔዳል ክንድ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ ከዚህ ሆነን እናያለን። እኛም ነገሩ ሳይደርስብን ቢነገረን ኖሮ ፈገግ ባልን ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካስጨነቀን ወዲህ ግን ሳቁ ጠፍቶብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ጓደኛችን ቤት ጉደር ነው፤ ስሙን እንዳንጠራው ስለ ለመነን አንጠራውም። ከጉደር እስከ አምቦ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በየቀኑ በመኪና ተመላልሶ ለመማር የቤተ ሰቡ አቅም አይፈቅድም፤ በአምቦ ከተማ ቤት ተከራይቶ ለመቀመጥም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አጎቱ ከመርካቶ አንዲት አሮጌ የኮርስ ብስክሌት ገዝተው ሰጡት። ቀለሟ የተላጠ፥ ኮርቻዋ የተሰነጠቀ ነበረች። ዳሩ ግን ዳገቱን የምትወጣ ጎበዝ ብስክሌት ስለ ነበረች ሦስት ዓመት ሙሉ በፀሐይና በዝናብ አገለገለችው። መጽሐፉንና የምሳ ዕቃውን ከጀርባው አስሮ ጠዋት ከበሩ ሲደርስ፥ ሰዓት የሌለው ተማሪ ሁሉ ደወሉ ሊደወል መሆኑን በእርሱ ያውቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ብስክሌቷ ትጮህ ጀመር። በየርግጫው «ቂው፥ ቂው» ትላለች፤ ፔዳሉን በእጅ ይዘው ወደ ጎን ሲወዘውዙትም ይንቃነቃል። እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ሰብሰብ ብለን አየናትና በፔዳሎቹ መካከል ያለው ኩሽኔታ እንደ ተበላ ተረዳን። ጓደኛችን ሠርተው ለሚኖሩ ሰዎች ሊሰጣት አስቦ ነበር። እኛ ግን «ለምን ገንዘብ ታወጣለህ? ከአዲስ አበባ ኩሽኔታውን ብቻ አስመጣ፤ እኛ እንቀይረዋለን» ብለን አግባባነው። ይህን ቃል አስታውሱልን፤ ኋላ የሚያሳፍረን እርሱ ነውና።

አሁን ነገሩ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ስለ ብስክሌት አካል ጥቂት እንናገር። ካቴና፥ ፍሬን፥ ጎማ፥ ኩሽኔታ፥ ዳዶ፥ ብሎን፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። አባቶቻችን ጠላትን ቢያባርሩም የመሣሪያውን ስም አስቀርተው ለሥራቸው አውለውታል። የፔዳል ክንድ የምንለው በአንድ ጫፉ ፔዳሉን ይዞ በሌላው ጫፉ ከመካከለኛው ዘንግ ላይ የተሰካውን የብረት እጅ ነው። ዘንጉ በቴላዮው ታችኛ ቀዳዳ ውስጥ በኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል። ኩሽኔታውን ለመቀየር ዘንጉን ማውጣት ግድ ነው፤ ዘንጉን ለማውጣት ደግሞ አስቀድሞ ሁለቱን ክንዶች መንቀል ያስፈልጋል። ችግሩ ሁሉ ከዚህች ከመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው።

በአምቦም ሆነ በጊንጪ ወይም በጌዶ የብስክሌት ሠሪዎች ለረጅም ዘመን የሚያውቁት ክንድ የፊኒክስንና የሂሮን የመሳሰሉት ከባድ ብስክሌቶች ክንድ ነው። እርሱ በአንዲት የብረት ችንካር ይያዛል። ችንካሯ በአንድ ጎኗ ዘርጠጥ ያለች ናት፤ በጫፏ ያለውን ዳዶ ፈትቶ፥ ክንዱን ከታች በወፍራም ብረት አስደግፎ፥ ከላይ በመዶሻ አንድ ጊዜ ደኅና አድርጎ መምታት ይበቃል። ድጋፉ ከሌለ ግን ምቱ ወደ ኩሽኔታው ይሄድና ኳሶቹ በሚሽከረከሩበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ያበጃል። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች በመንገድ ዳር ቆመን ብዙ ጊዜ ስላየን፥ ብስክሌት ሁሉ በመዶሻ የሚፈታ ይመስለን ነበር።

የኮርስ ብስክሌት ግን ሌላ ነው። እሽቅድምድም የሚወድ ሰው ክብደት አይወድም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስትሮንግላይት የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ችንካር የሌለው የአሉሚኒየም ክንድ ሠርቶ አወጣ፤ ከዚያም በኋላ ካምፓኞሎን የመሰሉ የጣልያን ፋብሪካዎች አሠራሩን አሻሽለው በዓለም ላይ አዳረሱት። ሀገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል፥ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም ነበሩባት። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዛሬ ጊዜ ውድ ከሆኑት የእሽቅድምድም ብስክሌቶች በብዙዎቹ ላይ ክንዱ በጎኑ ባሉ ብሎኖች ተጨምቆ የሚያዝ ስለ ሆነ ለመፍታት አያስቸግርም። በእኛ አገር ግን በሰው እጅ የሚገኙት የኮርስ ብስክሌቶች አብዛኞቹ አሮጌዎች ስለ ሆኑ በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ የተሰካው ክንድ ገና ብዙ ዘመን ከእኛ ጋር ይኖራል።

ይህ አራት ማዕዘን ዘንግ ምንድር ነው? የዘንጉ ጫፍ እንደ እርሳስ እየቀጠነ የሚሄድ አራት ጎን ያለው ብረት ነው። እያንዳንዱ ጎን 2 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ በዓይን ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። ክንዱም በዚያው ልክ የተበጀ ቀዳዳ አለው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ክንዱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ክንዱም ወደ ወፍራሙ በኩል በሄደ ቁጥር እየተጨናነቀ ይያዛል። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የእጅ ሥራ መምህራችን ግንድ በሽብልቅ ሲያስፈልጡን፥ «ሽብልቅ ሲገባ ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከገባ በኋላ ግን ለማውጣት ብትለምኑትም አይሰማችሁም» ይሉን ነበር። የፔዳል ክንድም እንዲሁ ሽብልቅ ነው። ክንዱ በዘንጉ ላይ 1 ሚሊሜትር ሲገፋ ቀዳዳው በያንዳንዱ ጎን በ0.035 ሚሊሜትር ብቻ እንዲሰፋ ይገደዳል። ፋብሪካዎች ብሎኑ በ40 ኒውተን ሜትር ያህል እንዲጠብቅ ያዛሉ፤ ይህም በ20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ላይ 20 ኪሎ ያህል ጭኖ እንደ መጫን ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንዳሰላነው ብሎኑ ያን ጊዜ ክንዱን ከ2,000 ኪሎ በማያንስ ኃይል ይገፋዋል። አንድ የጭነት አህያ የምትሸከመውን ለምታውቁ ወላጆች ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ መንገር አያሻም።

በዚህ ላይ ዝናብ ይጨመራል። ዘንጉ ብረት፥ ክንዱ አሉሚኒየም ነው። ሁለት ዓይነት ማዕድኖች ተነካክተው እርጥበት በመካከላቸው ሲገባ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ይህ ነጭ ዱቄት ከተበላው ማዕድን የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀድሞውኑ የጠበበውን ክፍተት ጨርሶ ይሞላዋል። ሦስት ክረምት በጉደር መንገድ ጭቃ የተመላለሰች ብስክሌት በዚያች በአራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ምን እንዳጠራቀመች መገመት አያዳግትም።

ክንዱን ለማውጣት የተሠራ መሣሪያ አለ፤ በጋራዥ ፑለር ይሉታል። ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። ውጭኛው ክፍል በክንዱ ቀዳዳ አፍ ላይ ባለው ጥርስ ውስጥ እየተሽከረከረ ይገባል፤ የዚህ ጥርስ ስፋት በአብዛኞቹ ክንዶች ላይ 22 ሚሊሜትር ነው። ውስጠኛው ብሎን ደግሞ ወደ ፊት እየሄደ የዘንጉን ጫፍ ይገፋል። ዘንጉ የሚሄድበት ስለ ሌለው ክንዱ ወደ ውጭ ይመጣል። እኛም ከኪሳችን አዋጥተን ፑለር ከአዲስ አበባ አስመጣን። ኩሽኔታውም አብሮ መጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቷን ከላቦራቶሪው ጀርባ ገልብጠን ሥራ ጀመርን።

በባለ 14 ቡሶላ የግራውን ብሎን ፈታነው፤ ያለ ችግር ወጣ። ፑለሩን ስናስገባው ሁለት ዙር ያህል ሄዶ ቆመ። በጥርሱ ውስጥ ጭቃ ደርቆበት ነበር፤ እኛ ግን በቂ መስሎን ውስጠኛውን ብሎን ማጥበቅ ጀመርን። ጠበቀ። ጨመርን። አሁንም ጨመርን። እጀታው አጭር ነው ብለን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሰካንበት። ያን ጊዜ አንድ ነገር «ቅርጥ» አለና እጀታው በአንድ ጊዜ ላላ። ክንዱ ወጣ ብለን እልል ልንል ስንል ፑለሩ ብቻውን በእጃችን ላይ ቀረ፤ ከላዩም የአሉሚኒየም ክር እንደ እንዝርት ፈትል ተጠምጥሞበት ነበር። የክንዱ ጥርስ ተገፎ ወጥቷል። ወደ ቀዳዳው ውስጥ ስንመለከት ከብሎኑ ሥር የነበረችው ሮንዴላ በቦታዋ ተቀምጣ አየናት። ሮንዴላዋ በክንዱ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የፑለሩም ብሎን ዘንጉን ሳይሆን እርሷን ነበር የሚገፋው። በአጭር ቃል ክንዱን ከራሱ ጋር ስናታግለው ቆይተናል።

ከመካከላችን ማን እንደ ጠበቀው ብትጠይቁን አንነግራችሁም፤ ሁላችንም በየተራ ቧንቧውን ይዘን ነበርና። ጓደኛችን ምንም አልተናገረም። ቦርሳውን አነሣና ወደ ጉደር በእግሩ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እየተነሣ በእግሩ ይመጣ ጀመር። ጊዜው የሞዴል ፈተና የቀረበበት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ራሱን በጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ሲያንቀላፋ መምህራችን ሊቀሰቅሱት ወደ እርሱ ሲሄዱ፥ እኛ እግሩን አየን። ጫማው ተቀዶ በሲባጎ ታስሮ ነበር። መምህራችንም ያዩት ይመስለናል፤ ሳይቀሰቅሱት ተመለሱና ትምህርቱን ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። እናቱ በገበያ ቀን አግኝተውን፥ «ልጆቼ፥ ብስክሌቷ እንዴት ሆነች?» ሲሉን ዓይናቸውን ማየት አቃተን። ገንዘብ አዋጥተን የመኪና እንስጠው ብንል እምቢ አለን።

በዚህ ጊዜ ምክር ያልሰጠን ሰው አልነበረም። አንዱ በመዶሻ ምቱት አለን፤ የመዶሻን ነገር ቀደም ብለን ነግረናችኋል። ሁለተኛው በእሳት አግሉት አለን። ይህ ምክር ግማሽ እውነት አለበት፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋልና። ነገር ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ካለፈ ቀለሙ ሳይለወጥ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ቆይቶም በዳገት ላይ ሰው ሲቆምበት ይሰበራል። ሦስተኛው ብሎኑን ሳትመልሱ ብስክሌቷን ንዷት፥ በራሷ ጊዜ ይላላል አለን። ይህም እውነት ነው፤ ዳሩ ግን መላላት ሲጀምር ነጂው ሳያውቅ ጥቂት ርግጫ ከጨመረ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይከብና ክንዱ ለዘለዓለም አይረባም። በቁልቁለት ላይ ቢወልቅ ደግሞ የሚሰበረው ክንዱ ብቻ አይደለም።

አራተኛው መካሪ የአምቦ ልጅ መሆኑ በግልጽ ያስታውቃል፤ «አምቦ ውሃ አፍስሱበት፥ ጋዙ ዝገቱን ይበላዋል» አለን። ውሃችንን እንወዳለን፤ የከተማችንን ስም በሀገሩ ሁሉ ያስጠራ ውሃ ነው። ለጨጓራ ይሆን ይሆናል እንጂ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ማዕድን የሞላበት ውሃ ኤሌክትሪክን ከተራ ውሃ ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ፥ ከላይ የተናገርነውን የባትሪ ሥራ ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም። መካሪያችን እስከ ዛሬ አላመነንም።

በመጨረሻ ከእኛ አንዱ አባቱን ሲያማክር፥ በነቀምት መንገድ ለብዙ ዓመታት የከባድ መኪና መካኒክ ሆነው የሠሩ፥ አሁን በዕድሜ ምክንያት ቤታቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ነገሩት። ብስክሌቷን እየገፋን ሄድን። ጋሼ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንላቸው) በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሊቆጡን ነው ብለን ስንጠብቅ፥ «የመኪና ጎማ መያዣም እንዲሁ ይይዛል፤ በሰባት ቶን መኪና ላይ ያየሁትን በብስክሌት አየሁት» ብለው ሳቁ። ከዚያም የጠየቁን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «መጀመሪያ ዘይት ሰጣችሁት ወይስ ጉልበት?» አሉን። ዝም አልን።

ጋሼ ያደረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ እንናገራለን፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ይህ ክፍል ነውና። በመጀመሪያ ሮንዴላዋን በቀጭን ሽቦ አወጧት። ቀጥለው ቀዳዳውን በጥርስ ብሩሽና በላምባ አጠቡት፤ ከዚያም ላምባና የሞተር ዘይት እኩል ደባልቀው በክንዱና በዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ከሁለት ወገን አንጠባጠቡበት። ብስክሌቷን ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዲወርድ በጎኗ አስተኟትና፥ «በሉ ሂዱ፥ ነገ ኑ» አሉን። እኛ ዛሬውኑ እንዲወጣ እንፈልግ ነበር። «ሱታ» አሉን፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። በማግሥቱ ሄድን፤ ዘይት ጨምረው አሁንም መለሱን። ሦስት ቀን እንዲህ አደረጉ።

በአራተኛው ቀን ከአሮጌ ሣጥናቸው ውስጥ ሁለት እግር ያለው የመኪና ፑለር አወጡ። የእኛ ፑለር በክንዱ ጥርስ ላይ የሚንጠለጠል ነበር፤ ጥርሱ ከሌለ ሥራ የለውም። የጋሼ ፑለር ግን በሁለት ጥፍሮቹ ክንዱን ከጀርባው ይዞ የሚጎትት ነው። የተበላሸው የግራው ክንድ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ በቀኝ በኩል ቢሆን ኖሮ ትልቁ ባለጥርስ ማርሽ ጥፍሮቹን አያስገባም ነበር። ጥፍሮቹም ለብስክሌት ወፍራም ስለ ነበሩ በሞረድ ትንሽ አቀጠኗቸው፤ ስለ እኛ ስሕተት የራሳቸውን መሣሪያ ሲሞርዱ ማየት አሳፈረን። ከዚያ የክንዱን ብሎን ያለ ሮንዴላ ጥቂት ዙር መልሰው አስገቡት፤ የፑለሩ ጫፍ ብሎኑን እንዲገፋ እንጂ የዘንጉን ውስጠኛ ጥርስ እንዳይጎዳ ነው። ብሎኑ ግን በክንዱ ላይ እንዳያርፍ ክፍተት ተዉለት።

ፑለሩን አጠበቁና ቆሙ። እኛ አንድ ጊዜ ጨምሩ ስንላቸው እሳቸው የፈላ ውሃ አምጡ አሉን። እዚህ ላይ ስላሰላነው ነገር ጥቂት እንናገር። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ20 ዲግሪ እስከ 93 ሲሞቅ 12.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቀዳዳ በ0.02 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ብረቱ ቶሎ ካልሞቀ ይህ ስፋት ክንዱን በዘንጉ ላይ 0.3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደ መሳብ ይቆጠራል፤ ብረቱም አብሮ ከሞቀ ጥቅሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃው ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንድ ጊዜ፥ በክንዱ ላይ እንጂ በዘንጉ ላይ ሳይሆን መፍሰስ አለበት። ጋሼ ይህን ስሌት ሳያሰሉ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልለው ማንቆርቆሪያውን በጨርቁ ላይ አጋደሉት።

ስለ ፑለሩም እንዲሁ አስልተናል። ብሎኑ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊሜትር የሚራመድ ቢሆን፥ 20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ በዚያው ዙር 1,257 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ የእጅ ጉልበት ከ800 ጊዜ በላይ ይበዛል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ሰበቃ ይበላዋል። አንድ አሥረኛው ብቻ ቢተርፍ እንኳ 20 ኪሎ የሚገፋ እጅ 1,600 ኪሎ ይሆናል። ታዲያ ይህን ያህል ኃይል ባለበት መሣሪያ ላይ የቧንቧ ቁራጭ መጨመራችን ምን ያህል ቂልነት እንደ ነበረ አሁን ገባን።

ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ጋሼ የፑለሩን ብሎን ራስ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገው መቱት፤ አንድ ሩብ ዙር ጨመሩ፤ ደግመው መቱት። በሦስተኛው ላይ «ጧ!» የሚል እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማና ዶሮዎቹ በግቢው ውስጥ ተበተኑ። ከእኛ ሁለቱ ወደ ኋላ ዘለልን። የተሰበረ መስሎን ነበር። ክንዱ ግን በጋሼ እጅ ላይ ሙሉውን ተቀምጦ ነበር። ቀዳዳውን ስናየው በአራቱም ጎን ነጩ ዱቄት እንደ ኖራ ተለስኖበታል።

የቀኙን ክንድ በራሳችን ፑለር፥ ጭቃውን አጥበን፥ ሮንዴላዋን አውጥተን፥ መሣሪያውን እስከ መጨረሻው ጥርስ አስገብተን ፈታነው። አምስት ደቂቃም አልፈጀም። ይህን ስናይ ደስ አለን ልንል ነበር፤ ነገር ግን ሦስቱ ሳምንታት ትዝ ሲሉን ደስታው ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ኩሽኔታውን ለማውጣት ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር እንጨምር። በእንግሊዝ ልክ በተሠራ ቴላዮ ላይ የቀኙ በኩል ጥርስ ግራ አዙር ነው፤ የግራው በኩል እንደ ተራ ብሎን ነው። በጣልያን ልክ በተሠራ ቴላዮ ላይ ግን ሁለቱም እንደ ተራ ብሎን ናቸው። በአገራችን ሁለቱም ዓይነት ስለሚገኝ ሳያዩ መታገል አይገባም። ፔዳሎቹ ደግሞ በሁሉም ብስክሌት ላይ የቀኙ ቀኝ አዙር፥ የግራው ግራ አዙር ነው። ክንዶቹ ሲመለሱ ዘንጉን በግሪስ ስለ መቀባት ፋብሪካዎች ሁሉ አንድ ቃል የላቸውም። ጋሼ፥ «በዝናብ የምትሄድ ከሆነ በጣት ጫፍ ያህል ቀባው፤ ብሎኑን ግን አታብዛው» ብለው ስለ መከሩን እንደ ቃላቸው አደረግን። ከአንድ ቀን መንገድ በኋላ ብሎኑን እንደ ገና በልኩ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ላላ ሆኖ የሚነዳ ክንድ ቀዳዳው ይከብበታልና።

ጋሼ ገንዘብ አልተቀበሉንም። የጠየቁት ነገር ቢኖር የተበላሸውን ሥራ በዚህ መድረክ ላይ እኛው ራሳችን እንድንናገረው ነበር። በዚያኛው ረድፍ ተቀምጠው እየሰሙን ናቸው።

ጥርሱ የተገፈፈው ክንድ ዛሬም በብስክሌቷ ላይ ነው። ለመርገጥ ምንም አይጎድለውም፤ ወደፊት ለማውጣት ግን የጋሼን ፑለር ይጠይቃል። አንድ አዲስ የግራ ክንድ ለጓደኛችን የምንገዛለት ዕዳ አለብን፤ ከክበቡ መዋጮ ግማሹ ተጠራቅሟል። እርሱ የሞዴል ፈተናውን አልፏል። ብስክሌቷን እንድንነካት ግን አይፈቅድልንም፤ ከበሩ ሲያስገባት እጃችንን እያየ ያልፋል።

የሳይንስ ክበቡ ፑለርና ባለ 14 ቡሶላ በላቦራቶሪው ቁም ሳጥን ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ከእኛ በኋላ ለሚመጡ ተማሪዎችም ሆነ ብስክሌት ላላቸው ወላጆች ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ፤ ቁልፉ ከላቦራቶሪው ኃላፊ ዘንድ ነው። በፑለሩ እጀታ ላይ በቀይ ቀለም «ሮንዴላዋን አውጥተሃል?» ብለን ጽፈንበታል። የቧንቧውን ቁራጭ ግን ለጽዳት ክፍል መልሰናል።